ስዩም ያደረሰው መልእክት

ስዩምን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳወራ ደሜ ይፈላል፣ ደሜ ሲፈላ ደግሞ ነገር እየዘለልሁ ሰሚ አደናግራለሁ።

ካሳሁን እባላለሁ። መርሳ ውስጥ «ሹፌሩ ካሳሁን» ብሎ የጠየቀ ሰው ቤቴን አያጣም። ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ከደሴ ወልድያ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬአለሁ። ሚስቴ ታደለች ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልሰጠንም። አጠገቤ ያደገ ሰው ቢኖር መልካሙ ነው። ረዳቴ ነበር፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ» እያለ ሲጣራ ድምፁ ገና አልጎረነነም። ዛሬ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። ሚስቱ ቤተልሔም ያረገዘች ጊዜ ቤቴ ድረስ መጣና፣ ተቀመጥ ብለው እንኳ ሳይቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ወንድ ከሆነ ክርስትና የሚያነሡልኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ።

ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። አላፍርበትም። ክርስትና አባት ማለት በልጁ ፋንታ ቆሞ ሰይጣንን የሚክድ፣ ሃይማኖቱን የሚመሰክር፣ ከጠበሉ ሲወጣ ተቀብሎ የሚያቅፍ ሰው ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ አባት ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን ድሮ አውቀው ነበር፤ ግን ቄሱ ፊት ምላሴ እንዳይተሳሰር ብዬ ገበያ ስሄድም፣ ሸሚዝ ሳጥብም እደግመው ጀመር። ከዚያም ወልድያ ሄጄ የክርስትና ልብስ ገዛሁ፤ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቆብ፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስቀል የተጠለፈበት። ከነፌስታሉ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት።

ስዩም መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ያኔ አውቶቡሴ መንገድ ላይ በቆመች ቁጥር ተጠርቶ የሚመጣ እሱ ነበር። ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ እኔ ባትሪ እያበራሁለት፣ ያላወራነው ነገር የለም። ታደለች የሞተች ጊዜ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። የመልካሙን ነገር ስነግረው ሳቀና፣ «ሞተር ያስተማርሁት እኔ፣ ክርስትና የምታነሣው አንተ!» አለኝ። አብረን ሳቅን። እንዲያውም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ።

ልጁ ተወለደ፤ ያሬድ አሉት። አርባው ሲቃረብ እኔን ከግራ ጀርባዬ ተነሥቶ ወደ ሆዴ የሚዞር ማቃጠል ያዘኝ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልሁ። ከዚያ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ መቀነት አበጅቶ ወጣ። ሸሚዝ ሲነካኝ እሳት ነው። ያየኝ ጎረቤት «ሸረሪት ሸንታብህ ነው፣ ቅጠል ይደረግበት» አለ። ሕመሙ ግን ቅጠል የሚያስጠብቅ ስላልነበረ እየተንፏቀቅሁ ጤና ጣቢያ ሄድሁ።

ሲስተር ረሂማ ሸሚዜን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «አባባ፣ ይኼ አልማዝ ባለጭራ ነው» አለችኝ።

እኔ በሩን ዞር ብዬ አየሁ፤ ሰው ሰምቶ እንደሁ። በኛ ከተማ አልማዝ ባለጭራ ያዘው ሲባል ሰዉ ወዲያው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጠረጥረው ሌላ በሽታ ነው። እሷም ገብቷት፣ «ከፈለጉ ደምዎን እናየዋለን፤ ግን በዕድሜም፣ በድካምም ይመጣል» አለች። ታየ፤ ነጻ ነኝ።

«በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎ ያውቃል?»

«ያኔ ያልወጣበት ማን አለ? ሰፈሩ ሁሉ ሲያክ ነው የከረመ።»

«እሱ ራሱ ነው። ሲድኑ የጠፋ መስሎ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። አቅም ሲያንስ በአንድ ጎን ይነሣል። ከሌላ ሰው አልያዘዎትም። ከእርስዎ ግን፣ ጉድፍ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ይህን ውኃ ከነካ፣ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል።» ኪኒን ጻፈችልኝ፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ እንድሸፍን፣ ፎጣዬን ለብቻ እንዳደርግ፣ እንዳላፈርጠው፣ እጄን ቶሎ ቶሎ እንድታጠብ ነገረችኝ። «ሁሉም ደርቆ ቅርፊት እስኪይዝ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃን ይራቁ» አለች።

«ክርስትና ላነሣ ነበር» አልኋት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቱስ? ጉድፍ ወጥቶባት ያውቃል?»

ቤተልሔም የጉባ ላፍቶ ገበሬ ልጅ ናት፤ ደጋ ላይ፣ ከሰው ራቅ ያለ ቤት ነው ያደገችው። ባለፈው መርሳ ትምህርት ቤቶች ጉድፍ ገባ ሲባል፣ «እኔ እኮ ወጥቶብኝ አያውቅም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«እንግዲያው አይሆንም አባባ» አለች ረሂማ። «እሷ ካልወጣባት ልጁም ከእናቱ ያገኘው መከላከያ የለውም። ክትባት ያላቸው አገሮች አሉ፤ እኛ እጅ ላይ ግን የለም። ያለን መድኃኒት መራቅ ነው። አላህ ያሽርዎ፤ ሲድኑ ያቅፉታል ኢንሻአላህ።»

የወንድ ልጅ አርባ እንደ አውቶቡስ አይደለም፣ ተሳፋሪ ቀርቷል ተብሎ አይቆምም። ቤቴ ገብቼ አሰብሁ። ስልክ ነበረኝ፤ ለምን አልደወልህም የሚለኝ ይኖራል። የክርስትና አባትነት በስልክ አይመለስም። እንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ተልኮ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በወግ ነው የሚነገረው። በስልክ «አልመጣም» ብሎ መዝጋት ስድብ ነው፤ የበሽታውን ስም ደግሞ በስልክ መጥራት አልደፈርሁም። ስለዚህ ስዩምን አስጠራሁት።

መጣ። በሩ አጠገብ አስቀመጥሁትና ቃል በቃል ነገርሁት። «እንዲህ በልልኝ፦ ካሳሁን አልማዝ ባለጭራ ይዞታል። ለሕፃኑና ለእናቱ እንዳይተርፍ ጤና ጣቢያ ራቅ ብለውታል። የቀረው ስለሚወዳችሁ ነው። እስኪድን ብትጠብቁት ደስታው፤ አርባው አይለፍ ካላችሁም አይቀየማችሁም። ምክንያቱን ግን እወቁለት። አንተም ለሌላ ሰው አታውራብኝ።» ከዚያ ልብሱን ከሣጥን አወጣሁ፤ ወልድያ ሻጩ እንዳሸገው ነው፣ ፌስታሉ አልተከፈተም። እጄንም ታጥቤ ነው ያቀበልሁት።

«አንተ ተኛ፣ ይኼን ለኔ ተወው» አለኝ። ሊወጣ ሲል ደግሞ፣ «የልጅ ነገር! የልጅ ልጄ ሜላትም ትኩሳት ይዟት አደረች፤ ፊቷ ላይ ሽፍ ብሎባታል። ምች ነው፤ ዳማ ከሴ እያሸን እያሸተትናት ነው» አለ።

«ስዩም፣ ትምህርት ቤቱ ጉድፍ ገብቶበታል። ምች ላይሆን ይችላል። ያቺ አራስ ቤት እንዳትወስዳት፤ እናቲቱ ወጥቶባት አያውቅም፤ ረሂማ ያለችኝን አሁን ነገርሁህ እኮ።»

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለና ሄደ።

የክርስትናው ጠዋት ከቤቴ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ስሰማ ነበር። ነጭ ልብሴን ለበስሁ፤ ለምን እንደለበስሁ አላውቅም። ቄሱ አሁን ሰይጣንን ካድ የሚሉበት ሰዓት ነው ብዬ ወደ ምዕራብ ዞርሁ። ወደ ምዕራብ ያለው የቤቴ ግድግዳ ነው፤ ታደለች የሰቀለችው አሮጌ ካላንደር አለበት። እሱን እያየሁ ሰይጣንን ካድሁ። ከዚያ ዞሬ ጸሎተ ሃይማኖቱን አንድም ቃል ሳልስት ጨረስሁት።

ከሰዓት በኋላ በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅሁ። ድግስ ቀርቶብኝ አይደለም። መልካሙ ራቅ ብሎም ቢሆን «ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎ» ብሎ የሚያልፍ መስሎኝ ነው። አልመጣም። ደወልሁለት፤ ጠራ፣ አላነሣም። ደግሜ ደወልሁ፤ ተዘጋ።

በማግሥቱ ስዩም መጣ፤ ደስ ብሎታል። «ክርስትናውን እኔ አነሣሁ» አለኝ። «ጨንቋቸው ነበር፤ ምን ላድርግ?»

«ነገርኻቸው?»

«ነገርኋቸው።» ዓይኔን እያየ ነው የሚለኝ።

«ምን አሉ?»

«ማርያም ትማረው አሉ።»

ቅር አለኝ፤ ግን ልጁ ያለ አባት አልቆመም፣ ለባዳም አልተሰጠም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲያውም አመሰገንሁት። «እግዚአብሔር ያክብርህ ወንድሜ» ብዬ መረቅሁት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እኔው አመስግኜዋለሁ።

ቁስሌ ደረቀ፣ ቅርፊቱ ረገፈ። ረሂማ አይታ፣ «አሁን ማንንም ማቀፍ ይችላሉ» አለችኝ። ያን ዕለት ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ፤ መልካሙን ላገኘው፣ ልጁን ልይ ልለው። ተራ አስከባሪው ዓሪፍ አገኘኝ። ሁልጊዜ እጄን ጨብጦ ትከሻ የሚገጨኝ ሰው ራቅ ብሎ ቆመ።

«መልካሙ የለም ጋሽ ካሳሁን። ወልድያ ሆስፒታል ናቸው፤ ሕፃኑም እናቱም። ጉድፍ ነው አሉ። በርሷማ ክፉኛ ብሶባታል፤ ሳንባዋ ድረስ ገብቷል ይላሉ።»

«ማን አስያዛቸው?» አልሁት።

ዓሪፍ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ… እርስዎ አልማዝ ባለጭራ ነበረብዎ አሉ። የላኩት ልብስ ነው ያስያዘው ይላሉ። አቃጥለውታል።»

የበሽታዬን ስም ያውቁ የነበሩት ረሂማና ስዩም ናቸው። ረሂማ የበሽተኛ ምሥጢር አታወጣም፤ መልካሙንም አታውቀውም።

ጋራዡ ስደርስ ስዩም እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ሜላት ጥላው ሥር ቁጭ ብላ በአሮጌ የመኪና ቡሎን ትጫወታለች። ግንባሯና ጉንጯ ላይ፣ ጉድፍ የፈረጠበት ክብ ክብ ምልክት ሞልቶበታል። ምች እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም።

«ሜላትን ድግሱ ላይ ወስደሃት ነበር» አልሁት።

«ሕፃን ናት፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ብቻዋን ታልቅስ?»

«ልጁን ስማዋለች።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ መጥረግ ቀጠለ።

«መልእክቴንስ?»

ጨርቁን አጣጥፎ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠ። «ስማ ካሳሁን፣ ድግስ ለሚደግስ ሰው የበሽታ ወሬ ይነገራል? አይመቸኝም፣ ልጅ አቅፌ የምቆምበት ዕድሜ አልፏል ብሏል አልኋቸው። ተናደዱ። እኔ አለሁ አልሁ። አለቀ። ሞተር ያስተማርሁት ልጅ ነው፤ እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አሁንስ? አልማዝ ባለጭራዬን አሁን ማን ነገራቸው?»

«ሐኪሙ አጠገባችሁ የታመመ ማን ነበር ብሎ ሲጠይቅ፣ ምን ልበል? የልጅ ልጄ ናት ልበል? ክርስትና አባቱ ነኝ እኮ።»

በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አግዳሚው ላይ የነበረውን የጎማ መፍቻ ብረት አየሁት፤ እሱም ሳየው አየኝ። ሜላት ባትኖር ምን እንደማደርግ አላውቅም። ወጥቼ ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ መልእክቴ ደርሷል። ለመቅረቴ ምክንያት እንዲሆነኝ የላክሁት ቃል፣ ክርስትናው እስኪያልፍ ስዩም ኪስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ልጁ ሲታመም ወንጀል ሆኖ ደረሰልኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ድነው ወጡ። እኔ ግን መርሳ ውስጥ ሰላምታ የሚነፈገኝ ሰው ሆንሁ። ቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ በነጠላዋ ልጁን ሸፈነችው። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ ይላክልኝ ያልሁት። የንስሐ አባቴና ጎረቤታችን ሐጂ አብዱልሐሊም ነገሩን ያዙት። የወሎ ሽምግልና ነው፤ ቄሱም ሐጂውም አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። መልካሙ ቤት ተቀጣጠርን። ስገባ፣ ከሽማግሎቹ መካከል፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ስዩም ተቀምጧል። የክርስትና አባቱ ስለሆነ አስታራቂ ሆኖ ተጠርቷል።

መልካሙ ቆሞ ተናገረ። «ጋሼ፣ እንቢ ያሉት ይሁን፤ መብትዎ ነው። ግን በሽታዎን እያወቁ ልብስ መላክዎ? ሚስቴ እኮ ኦክሲጅን ተሰክቶላት ነው ያየኋት። ልጄ ገላው ላይ የምነካበት ቦታ አጥቼ ነበር። እንደ አባቴ አይደለም የማይዎት?»

«እንቢ አላልሁም» አልሁ። «ልብሱም እሽጉ አልተከፈተም ነበር። ምን እንደያዘኝ፣ ለምን እንደቀረሁ ሰው ልኬ ነግሬአችኋለሁ።»

«ማንን ልከው?»

«ስዩምን።»

ሁሉም ዞሩ። እኔም አየሁት። በዚያ ቅጽበት እንኳ፣ እውነት ለመናገር፣ ይለዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። የታደለችን ሬሳ የተሸከመ ትከሻ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ሌላውን፣ የሜላትን ነገር፣ እስከ መቃብር ልይዝለት ቆርጬ ነበር።

ስዩም ጋቢውን ሰበሰበ። «ለኔ ልብስ ብቻ ነው የሰጠኝ። ስለ በሽታ የነገረኝ አንዲት ቃል የለም። ዋሽቼ ከሆነ…» ብሎ እጁን ወደ ሕፃኑ ዘረጋ፤ ቤተልሔም አቅፋው በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። «ዋሽቼ ከሆነ የክርስትና ልጄን፣ ያሬድን ይንሣ…»

«ተው! አትማል!» አልሁት።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር። የቤተልሔም እጅ የልጁን ራስ ሸፍኗል። በሐሰት የተማለበት ልጅ ምን እንደሚያገኘው ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ልመን አልመን ሌላ ነገር ነው፤ ከዚህ የሚያስጥል ኪኒን ግን ረሂማ ጋ የለም። ከእኔ የሚመጣው ክፉ እንዳይነካው ብዬ አርባውን የቀረሁበት ልጅ ነው። አሁን ደግሞ እውነቴን ለማስመስከር ብዬ መሐላ ላስጭንበት?

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አልሁ። «ሳልነግረው ቀርቼ ይሆናል። አሞኝ ነበር፣ የማደርገውን አላውቅም ነበር። ይቅር በሉኝ።»

ሐጂ አብዱልሐሊም ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ስዩምን አዩት። የገባቸው መሰለኝ፤ ግን ሽማግሌ እርቅ የወረደበትን ነገር አይቆፍርም። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ጥፋቱን ካመነ ሌላ ምን ይፈለጋል» አሉ። ቄሱ መረቁ። መልካሙ መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። አንገቱን ሳቅፈው የጥንቱን ረዳቴን፣ የናፍጣውን ሽታ አሸተትሁ፤ የያዝሁት እንባ አመለጠኝ። እሱ የጸጸት እንባ መሰለው።

«ቤቲ፣ ልጁን ስጫቸው» አለ።

ቤተልሔም አመነታች፤ ከዚያ ተነሣች። ከቅንድቡ በላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ቀርታበታለች፤ ሌላው ገላው ጠርቷል። ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ ካሳሁን» አለ ስዩም ከመቀመጫው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ልጁን ከመያዝህ በፊት እጅህን ታጠብ።»

ቤተልሔም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ሽማግሎቹ «እውነት ነው፣ ለልጁ ሲባል» አሉ። መልካሙ አፍሮ መሬት መሬት እያየ ማስታጠቢያ አመጣ። እጄን ዘርግቼ እንዳለሁ ዞርሁና ታጠብሁ፤ እስከ ክርኔ ድረስ፣ ረሂማ እንዳሳየችኝ፣ በጣቶቼ መካከል ሁሉ። ሳሙናውን ያቀበለኝ ስዩም ነበር።